የሦስተኛው ቻናል ማዞሪያ

ለመላው የሰው ልጅ፣ በተለይም ለ«የእሁድ ነጎድጓድ» ባንድ አባላት በሙሉ፦ የባንዱ መሥራች፣ መሪና ጊታር ተጫዋች ክቡር ኩሮይዋ ቴትሱጂ፣ ዕድሜ ልካቸውን ካካሄዱት ያላሰለሰ ጥናት በኋላ፣ የአምፕሊፋየሩ ሦስተኛ ቻናል የመካከለኛ ድምፅ ማዞሪያ ከአራት ወደ አራት ተኩል ከፍ እንዲል ወስነዋል። ውሳኔው ከነገ ጀምሮ የጸና ይሆናል። ይህን ታሪካዊ እርምጃ ተከትሎ ዘፈኖቹ ሁሉ እንደ አዲስ ስለሚጠኑ፣ በኅዳር ወር በወረዳው አዳራሽ ሊቀርብ የነበረው የባንዱ የመጀመሪያ ኮንሰርት ላልተወሰነ ጊዜ ተላልፏል።

መልእክቱ ቅዳሜ ማምሻውን በሦስቱ የባንዱ አባላት ስልክ ላይ ደረሰ። እሁድ ጠዋት ክቡር ኩሮይዋ በልምምድ ስቱዲዮው ወለል ላይ ሞተው ተገኙ። የመካከለኛ ድምፁ ማዞሪያ አራት ላይም አራት ተኩል ላይም አልነበረም። ዜሮ ላይ ነበር።

ስቱዲዮው በኦሳካ፣ ጣሪያ በለበሰው የገበያ መንገድ ላይ፣ ኦክቶፐስ በሊጥ እየጠበሰ ከሚሸጥ ቤት ሥር ያለ ምድር ቤት ነው። ኢንስፔክተር ሚኖሺማ ያሱኮ ደረጃውን ስትወርድ የጥብሱ ሽታ አብሯት ወረደ። ጡረታዋ የተቃረበ፣ አጭር፣ ፀሐይ ወጣ ዝናብ ዘነበ ጃንጥላዋን የማትለይ ሴት ናት። ስለ ጊታር የምታውቀው የጎረቤቷ ልጅ ጊታር እንዳለውና ጎረቤቷን እንደማትወድ ብቻ ነበር።

ኩሮይዋ በጀርባው ተንጋሎ ነበር፤ ጊታሩ አንገቱ ላይ እንዳለ፣ ማይኩም ከነመቆሚያው አጠገቡ ወድቆ። ከንፈሩና የግራ እጁ ጣቶች ላይ ትንንሽ የቃጠሎ ምልክቶች ይታያሉ። እግሩ ሥር፣ እየተረገጡ የጊታሩን ድምፅ የሚቀይሩት ፔዳሎች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዳቸው ላይ ነጭ ፕላስተር ተለጥፎ፣ ማዞሪያዎቹ የት መቆም እንዳለባቸው በእርሳስ ተሰምሮበታል።

«ነገሩ ግልጽ ነው፣ አለቃ» አለ ቀድሞ የደረሰው ሳጅን ዶዪ። «አምፑ አሮጌ ነው፣ ኤሌክትሪክ ያሾልካል። ለዚህ ነው የሾለከውን የሚያወርደው የመሬት ሽቦ ሁልጊዜ መታሰር ያለበት። ይኸው አልታሰረም።»

ከሶኬቱ ጎን አረንጓዴዋ ሽቦ እንደ ጭራ ተንጠልጥላለች። ልትታሰርበት የሚገባው ቡሎን ከግድግዳው ቧንቧ ላይ ጥብቅ ብሎ ባዶውን ቆሟል።

«ጊታሩን እንደያዘ ማይኩን በከንፈሩ ነካ፤ አለቀ። የቤቱ ባለቤት ቸልተኝነት ነው። እውነቱን ለመናገር እኔም ቤት የልብስ ማጠቢያዬ ጭራ እንደተንጠለጠለች ነው የምትኖረው።»

«እንግዲያው ዛሬ ስትገባ እሰራት።»

«አስሬዋለሁ!» የሚል ድምፅ ከደረጃው መጣ። የስቱዲዮው ባለቤት ካናዬ ናት፤ ሠላሳ ዓመት ያልሞላት፣ ስቱዲዮውንም አምፑንም ከሟች አባቷ የወረሰች። ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። «አባቴ ሊሞት ሲል የነገረኝ የመጨረሻ ነገር እኮ እሱ ነው። የሰው አባት ለልጁ "ተባረኪ" ይላል፤ የእኔ አባት "ሽቦውን እሰሪ" አለኝ። ትናንት ማታ አስሬዋለሁ። በገዛ እጄ።»

«ምስክር አለሽ?»

«ሽቦ ለማሰር ማን ምስክር ይጠራል?»

ዶዪ ጉሮሮውን ጠረገ። ዐቃቤ ሕግ ነገ ጠዋት ሪፖርቱን ይጠብቃል። በቸልተኝነት ሰው መግደል ነው፤ ስቱዲዮው ይታሸጋል፣ ልጅቷም ፍርድ ቤት ትቆማለች፤ ከዚያ በኋላ እንኳን ስቱዲዮ የጀበና ክዳን የሚያምናት አይኖርም። ይህን ሁሉ እሷ እየሰማች ተናገረው። ክፋት የለበትም፤ ዝም ብሎ ሥራውን የሚሠራ ሰው ነው፤ እንዲህ ካለ ሰው ጋር ደግሞ መከራከር አይቻልም።

ኢንስፔክተሯ ከአምፑ ፊት ተንበረከከች። ግንባሩ ላይ ማዞሪያዎች በሦስት ረድፍ ተሰልፈዋል። ሁሉም ወደ ግራ እስከ መጨረሻው ዜሮ ላይ ደርሰዋል፤ የታችኛው ረድፍ የመጨረሻዋ ማዞሪያ ብቻ ቁጥር አንድ ላይ ቆማለች።

«አንዷን ረስቷታል» አለ ዶዪ።

«ማን?»

«ኩሮይዋ ነዋ።»

«ከሞተ በኋላ?»

ዶዪ ወደ ወለሉ፣ ከዚያም ወደ ማዞሪያዎቹ አየ።

«አምፑን ማን አጠፋው?» ስትል ጠየቀች።

«ጠፍቶ ነው ያገኘነው። ሬሳውን ያዩት ሁሉ ጠፍቶ ነበር ይላሉ።»

«የጠፋ አምፕ ሰው ይገድላል?»

«አይገድልም።»

«እንግዲያው ሪፖርትህን ኪስህ ውስጥ ክተት።»

ሦስቱን የባንዱ አባላት ላይኛው ፎቅ፣ ከመጠጥ መሸጫው ማሽን አጠገብ ባለች ጠባብ መቀመጫ ላይ አንድ በአንድ አነጋገረቻቸው።

መጀመሪያ የመጣችው ከበሮ መቺዋ ሙራይ ሳዮኮ ናት፤ የልብስ ንጽሕና መስጫ ያላት፣ እንደ ትከሻዋ ድምፅዋም ሰፊ።

«ኩሮይዋ ጠላት ነበረው?»

«የእኔ እመቤት፣ ስምንት ዓመት ከኋላው ተቀምጫለሁ። ያ ጀርባ ራሱ ጠላት ነው።»

«ምን አደረገሽ?»

«ምንም! ችግሩ እሱ ነው፤ ምንም አላደረግንም። አሁን ያ አምፕ ሦስት ቻናል አለው አይደል? አንደኛው ንጹህ ነው፤ ለቀስ ላለ ዘፈን። ሁለተኛው ትንሽ ይሻክራል። ሦስተኛው ያንባርቃል። በዚያ ላይ ከጊታሩና ከአምፑ መሀል ጉልበት የሚጨምር ፔዳል ታስገቢያለሽ፤ ያው ሦስተኛው ቻናል ማንባረቁን ትቶ መዝፈን ይጀምራል። የጊታሩን ድምፅ በጣትሽ ቀነስ ካደረግሽ ደግሞ ሻካራው ራሱ ይጠራል። እግርሽን ብቻ እያነሳሽ አሥር ዓይነት ድምፅ!»

«ታዲያ በኩሮይዋ እጅስ?»

«ምንም። ዘፈን እንጀምርና እጁን ያነሳል። "ቆይ፣ ድምፁ አልመጣም።" ይንበረከካል፣ ያዞራል፣ ይሸታል መሰለኝ። እኔ እዚያ ተቀምጬ ሁለት ሹራብ ሠርቻለሁ።»

«የትናንቱን መልእክት ስታዪ ምን ተሰማሽ?»

«እውነቱን? ልገድለው አሰብኩ። ከዚያ እራት ደረሰ።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ቤዝ ተጫዋቻችን ኦኖዴራ ግን አሳዘነኝ። ለዚያ ኮንሰርት ልብስ አስፍቷል እኮ። እኔ ነኝ የተኮስኩለት። "ይሄ የመጀመሪያዬም የመጨረሻዬም ነው" ብሎ ሲስቅ ነበር።»

ቀጥሎ ኪቦርድ ተጫዋቹ ሃታኖ ገባ። የመዋለ ሕፃናት መምህር ነው፤ ከድንጋጤው ብዛት ጥንቸል የተሳለበትን ሽርጡን እንደለበሰ መጥቷል። ሬሳውን መጀመሪያ ያየው እሱ ነው።

«እኔ አይጥ እንኳን ገድዬ አላውቅም» አለ ሳይጠየቅ። «መዋለ ሕፃናቱ ውስጥ አይጥ ሲገባ ልጆቹ ናቸው እኔን የሚያድኑኝ።»

«ከኩሮይዋ ጋር ተጣልታችሁ ታውቃላችሁ?»

«አንዴ። የገደል ማሚቶ የሚያወጣውን ፔዳል ከአምፑ ፊት አስገብቶት ነበር። "የእኛ መሪ፣ ከፊት ስታደርገው ማሚቶው ራሱ አብሮ እየተንባረቀ ይድበሰበሳል፤ ከኋላ፣ ከማጉያው ክፍል በፊት ባለው ቀዳዳ ክተተው" አልኩት። ወር ሙሉ አኮረፈኝ። ከዚያ ከኋላ ከተተውና "አገኘሁት!" ብሎ ለሁላችን የምስራች ላከ።»

«ስትጨርሱ አምፑን ወደ ነበረበት ማን ይመልሳል?»

«የተጠቀመበት ሁሉ። ሕግ ነው፤ ከልምምድ በፊት የክፍሉን ፎቶ አንስተን ለስቱዲዮው እንልካለን፣ ስንጨርስ ሁሉን እንደነበረ እንመልሳለን። የስቱዲዮው የሆነውን ብቻ ነው ታዲያ! የሰው ፔዳል መንካት ነውር ነው።»

«ፎቶዎቹን ማን ያያቸዋል?»

ሃታኖ ግራ ተጋባ። «ማንም አያያቸውም። እንልካለን እንጂ።»

ኢንስፔክተሯ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

መጨረሻ ቤዝ ተጫዋቹ ኦኖዴራ ሺጌኖቡ መጣ። ከኩሮይዋና ከካናዬ አባት ጋር ባንዱን የመሠረተ፣ ካናዬን በሕፃንነቷ አዝሎ ያሳደገ፣ እስከ ጸደይ ድረስ የገበያውን ወንድ ሁሉ ፀጉር ሲቆርጥ የኖረ ሰው ነው። ከማሽኑ የወጣ ትኩስ ሻይ ሰጠችው። ጣሳውን በሁለት እጁ ያዘ።

«ፀጉር ቤትዎን ለምን ዘጉት?»

«ደከመኝ።»

«ኩሮይዋ እንዴት ያለ ሰው ነበር?»

«ጎበዝ ነበር። እንዴት እንደሚጫወት ሰው ቢሰማው ኖሮ ይገርመው ነበር።»

«ዛሬ ጠዋት የት ነበሩ?»

«መንገድ ላይ። የሩዝ ጥቅል ገዛሁ። ስደርስ ሃታኖ እየጮኸ ነበር።»

«ካናዬ ሽቦውን ረስታው ይሆን?»

ኦኖዴራ ጣሳው ውስጥ ተመለከተ። «ልጅ ናት» አለ። «ልጅ ይረሳል።»

ካናዬ ከማሽኑ ወዲያ ሆና ሰማችው። እንባዋ ወረደ።

ኢንስፔክተሯ ወደ እሷ ዞረች። «ጠዋት ምን ሰማሽ?»

«የሁልጊዜውን። ኩሮይዋ ከሁሉም ቀድሞ መጣ፤ እሁድ እሁድ ብቻውን ድምፅ ይፈልጋል። ከዚያ ወጥቶ ከማሽኑ ጣሳ ቡና ገዛ። ማሽኑን የሚሞላው ሰው እየሠራ ስለነበር ስለ አራት ተኩል ሲያስረዳው ቆየ፤ ሰውየው አሳዘነኝ። ኩሮይዋ ተመልሶ ወረደ፣ ተጫወተ፣ ዘፈነ። ከዚያ ጊታሩ ጮኸ። እሪ አለ፤ አምፑ ፊት ሲቆም እንደሚጮኸው። ከዚያ ዝም አለ። እኔና ማሽን ሞይው ተያይተን ሳቅን።» ፊቷን በእጇ ሸፈነች። «ሳቅን!»

«የኋላው በርስ?»

«እሁድ እሁድ ክፍት ነው። ከበሮ የሚገባው በዚያ ነው።»

ኢንስፔክተሯ የስቱዲዮውን ስልክ ተቀብላ፣ ማንም ያላያቸውን ፎቶዎች ተራ በተራ ታገላብጥ ጀመር። ዶዪን ደግሞ ማሽን ሞይውን ፈልግ ብላ ላከችው። ሰውየው በሚቀጥለው መንገድ ላይ ነበር፤ የካናዬን ቃል አንድም ሳያጎድል ደገመው፤ ስለ አራት ተኩል ያለውንም አስተያየት ጨመረበት፤ እሱን እዚህ መጻፍ አይቻልም።

ሬሳው ተነሥቶ፣ አምፑም ከሶኬቱ ተነቅሎ፣ ሁሉም ምድር ቤት ተሰበሰቡ። ኢንስፔክተሯ ማዞሪያዎቹን እንደ ሕፃን ልጅ እያዞረች አዘባረቀቻቸው።

«ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ለመዝገቡ ፎቶ ይፈለጋል። እናንተ እንደምትመልሱት አድርጋችሁ መልሱልኝ። እኔ ምኑም አይገባኝም። ሙራይ፣ ትጀምሪያለሽ?»

ሙራይ በሰፊው መዳፏ ሁሉንም ወደ ግራ ጠቀለለች። ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። ዶዪ ፎቶ አነሳ። ኢንስፔክተሯ እንደገና አዘባረቀችው። ሃታኖ የድምፅ መጠኑን ዜሮ፣ የቀሩትን ግን መሀል ላይ አቆመ። «እኛን ያስተማሩን እንዲህ ነው» አለ እያፈረ።

«አቶ ኦኖዴራ።»

ኦኖዴራ ተንበረከከ። ቀኝ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ በግራው ደገፈው። ከላይ ጀምሮ አንድ በአንድ ዜሮ አደረገ። የመጨረሻዋንም ዜሮ አደረገ። ተነሣ። ሁለት እርምጃ ሄደ። ከዚያ ቆመ።

ኦኖዴራ ወደ አምፑ ዞሮ አየ፤ ምድጃ ሳያጠፋ እንደወጣ ሰው። ተመለሰ። ጎንበስ ብሎ የመጨረሻዋን ማዞሪያ ከዜሮ ወደ አንድ አመጣት።

ካናዬ «አጎቴ» አለች።

«ካናዬ» አለች ኢንስፔክተሯ ቀስ ብላ፣ «ቁጥር አንድ ላይ ለምን?»

ካናዬ ራሷን ነቀነቀች። መናገር አልፈለገችም። ካልተናገረች ደግሞ ነገ የምትከሰሰው እሷው ናት። ወደ ኦኖዴራ አየች፤ እሱ መሬት መሬቱን ያያል።

«ዜሮ ድረስ ከተዘጋች ትጣበቃለች» አለች በመጨረሻ። «አባቴ ነው ያወቀው። መሥራቾቹ ብቻ ናቸው ቁጥር አንድ ላይ የሚተዉአት።»

«መሥራቾቹ እነማን ናቸው?»

«አባቴ። ኩሮይዋ።» ሦስተኛውን ስም አልጠራችውም። «እኔም አውቃለሁ።»

«አንቺ ጩኸቱ ሲቆም ከማሽን ሞይው ጋር ነበርሽ።» ኢንስፔክተሯ ጃንጥላዋን ተደግፋ ቀጠለች። «ከመጀመሪያው ልነሣ። ኩሮይዋን ኤሌክትሪክ ገደለው፤ አምፑ ግን ጠፍቶ ተገኘ። ስለዚህ ሰውየው ከሞተ በኋላ ያጠፋ ሰው አለ። ለምን አጠፋው? ኩሮይዋ ሲወድቅ ጊታሩ አምፑ ፊት እሪ ማለት ጀመረ፤ ጩኸቱ ከቀጠለ ካናዬ ትወርዳለች። ያ ሰው ገብቶ ጸጥ አደረገው። አንድ ማዞሪያ ይበቃው ነበር። እሱ ግን ከአምፕ ፊት ሲነሣ ዕድሜ ልኩን የሚያደርገውን አደረገ፤ ሁሉንም መለሰ። ፔዳሎቹን ግን አልነካም፤ የሰው ናቸውና።»

«ሬሳ አጠገቡ ተጋድሞ?» አለች ሙራይ።

«ሬሳ አጠገቡ ተጋድሞ። እንዲህ በጥንቃቄ የመለሰ ሰው የመጨረሻዋን ረሳት ማለት አልዋጥ አለኝ።»

ስልኩን ከፍ አድርጋ አሳየቻቸው። ፎቶው ላይ አምፑ ይታያል፤ ጥግ ላይ አረንጓዴዋ ሽቦ ከቧንቧው ቡሎን ጋር ታስራ ትታያለች።

«ኩሮይዋ ዛሬ ጠዋት እንደገባ የላከው ነው። ካናዬ አስራዋለች። ከፎቶው በኋላ ኩሮይዋ ቡና ሊገዛ ወጣ፤ በኋላው በር የገባ ሰው ሽቦውን ፈታው። ቡሎኑን ሳይቀር መልሶ አጠበቀው። የቸኮለ ሰው ቡሎን አያጠብቅም፤ ሥርዓት የለመደ እጅ ነው ያጠበቀው።»

ዶዪ ኪሱን ዳበሰ። የጻፈው ሪፖርት እዚያው ነው።

ካናዬ ነጻ ወጣች። ማንም ግን እንኳን ደስ አለሽ አላላትም፤ እሷም ደስ ያላት አትመስልም።

«ዶክተር ጋ ሄደው ነበር አይደል?» አለች ኢንስፔክተሯ ወደ ኦኖዴራ ዞራ። «ምላጭ መያዝ ሲያቅትዎ ፀጉር ቤቱን ዘጉ። ቤዙም ተራው እየደረሰ ነው። ኅዳርን ቢያልፍ ለከርሞ የሚደርስ እጅ የለዎትም። ቅዳሜ ያ መልእክት መጣ።»

ኦኖዴራ ቀኝ እጁን በግራው ሸፈነው።

«ሕጉ ለዚህ ሁለት ስም አለው፣ አቶ ኦኖዴራ። ልነዝረው፣ ላስደነግጠው ብዬ ነው ካሉ አንድ ነገር ነው። ልገድለው ብዬ ነው ካሉ ሌላ ነው። እኔ የሰው ልብ ውስጥ ገብቼ ማየት አልችልም። የትኛው ነበር?»

«ላስደነግጠው ብዬ ነው በል!» አለች ካናዬ። ሄዳ ፊቱ ተንበረከከች፤ የሚንቀጠቀጠውን እጁን በሁለት እጇ ይዛ ልታስቆመው ሞከረች፤ አልቆመም። «አጎቴ፣ እባክህ። እንዲያው በል። እኔ አምንሃለሁ።»

ኦኖዴራ ፊቱን ወደ አምፑ አዞረ።

«እሺ እሱን ተወው። ሌላ ልጠይቅህ።» ወደ ተንጠለጠለችው ሽቦ አየች። «ሁሉን መለስክ። ማዞሪያዋን እንኳን አልረሳሃትም። ሽቦዋን ግን እንደተንጠለጠለች ተውካት። የታሰረች ብትሆን እኔን ማን ይነካኝ ነበር? ደግሞ ተቀምጠህ "ልጅ ይረሳል" አልክ። እኔን እኮ አዝለህ ነው ያሳደግከኝ። ለምን ተውካት?»

ሙራይ ፊቷን አዞረች። ሃታኖ በሽርጡ ጫፍ ዓይኑን ጠረገ። ዶዪ እንኳን ከበሩ አጠገብ አቀርቅሮ ቆሞ ነበር።

ኦኖዴራ እጁን ከእጇ ቀስ ብሎ አወጣ።

«አልናገርም» አለ።

«ለእኔም?»

«ለአንቺም አልናገርም።»